ስምንቱ ነጭ መስመሮች

እናቴ በሰው ፊት ይቅርታ ስትጠይቅ ያየኋት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አፈርኩባት።

እናቴ የባሌስትራ ሠራተኛ ነበረች። ከመኪና ሆድ ሥር ተደራርቦ የሚታየውን፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመውን ብረት ትፈታለች፣ ታድሳለች፣ ትገጥማለች። ሴት መሆኗን አይተው አፋቸውን የሚያጣምሙ ደንበኞች አይጠፉም ነበር። መኪናቸውን ይዘው ሲወጡ ግን አፋቸውም አብሮ ተስተካክሎ ነው። ብዙ አታወራም፤ ካወራች ደግሞ ማንም መልስ አያገኝላትም።

ጋራዡ የቤታችን ግቢ ነው። ከኋላ በቆርቆሮው ጥላ ሥር የእናቴ ጉድጓድ፣ ክሪክና የብረት ክምር፤ ከፊት ለፊት በሩ አጠገብ የአባቴ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች። አባቴ በብሩሽ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ የሱቁን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን ስም ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። እኔ ያደግሁት በሁለቱ መሃል፣ ግማሽ ልብሴ ግራሶ፣ ግማሹ ቀለም ሆኖ ነው። ከእናቴ ወገን ያለውን እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ከአባቴ ወገን ያለውን ግን እንደ ልቤ ነበር። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያስተማረኝ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው።

«መስመሩን የሚያበላሸው እጅሽ አይደለም፣ ትንፋሽሽ ነው» ይለኝ ነበር። «ስትጀምሪ ያዢው፣ ስትጨርሺ ልቀቂው።»

እናቴ ሥራ በጨረሰች ቁጥር ከአባቴ ብሩሾች ትንሿን ትዋሳለች። ነጭ ቀለም ነካ አድርጋ ከመኪናው ሥር ትገባና ብሎን በሚያጠብቀው በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ታሰምራለች፤ ከብሎኑ ጫፍ ተነስቶ፣ በዳዶው ላይ አልፎ፣ እስከ ሥሩ ብረት ድረስ። አባቴ ሰሌዳ ሲጨርስ ጥግ ላይ ይፈርማል። ስለዚህ ይህም የእናቴ ፊርማ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ሁሉን አውቃለሁ የምል ልጅ ስለነበርኩ መጠየቅ ሞቴ ነበር።

በዚያ ዓመት ግቢያችን ከሚመጡት ሁሉ የምወደው መለሎን ነበር። ስሙ ይህ አይደለም፤ በቁመቱ የተነሳ ሁሉም እንደዚያ ይለዋል። የጤና ጣቢያው ሾፌር ነው። የክትባት ሣጥኑንና ሁለት ነርሶችን በፒክ አፕ ጭኖ፣ ከከተማው ወጥቶ፣ ወንዙን በድንጋዩ ላይ ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ወዳሉት መንደሮች ይወስዳል። ሲመጣ እያቀፈ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠኝና ጥሩንባውን እስኪበቃኝ ያስጮኸኛል። አንድ ሰው እንዲወደድ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ፊቱ ፈክቶ መጣ።

«እትዬ፣ ከፍ አድርጊልኝ» አለ ፒክ አፑን መታ መታ እያደረገ። «ሆዷ የወንዙን ድንጋይ መላስ ከጀመረ ሰነበተ። ዕቃውንም ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ አትቸገሪም።»

ከጆንያ ውስጥ አራት እንጨቶች አወጣ። ተጠርበው፣ ተልገው፣ ቫርኒሽ ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። በባሌስትራውና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ወፍራም ብረት መሃል እንዲገቡለት ነው፤ በግራ ሁለት ተደርበው፣ በቀኝ ሁለት ተደርበው። እናቴ አንዱን አነሳች፤ በጣቷ አንኳኳችው፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው።

«ማን ሠራልህ?»

«አናጢው ጎረቤቴ። ጠንካራ እንጨት ነው።»

«እጁ ይባረክ። አራት ናቸው አይደል? ከላይ ሳንቃ ምታባቸውና በርጩማ ይሁኑህ።»

መለሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሰው ለፍቶ ያመጣውን እንዲህ ማንኳሰስ ደስ አላለኝም።

«እትዬ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። እንጨት ይሟሽሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ያጠበቅሁት ሁሉ ይላላል። ብረት ቢሆን እንኳ አንዱን ባንዱ ላይ አልደርብም፤ የተደረበ ነገር መንሸራተቱ አይቀርም።»

«እሺ ከኋላ አንድ፣ ከፊት አንድ።»

«ከፊት ጨርሶ አይገባም። መሪው የሚያዘው ፊቱን ነው። ፍሬን ስትይዝም ክብደቱ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።»

«ሌላ ጋራዥ ብሄድ ያደርጉልኛል እኮ!»

«ያደርጉልሃል። እኔ ግን ነርሶቹን አውቃቸዋለሁ።»

መለሎ እንጨቶቹን ወደ ጆንያው መለሰ። እናቴ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ያለችውን ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ያኔ ግን የገባኝ እምቢታው ብቻ ነበር። ከኋላ በየጎኑ አንድ ብሎክ፣ ድፍን ብረት፣ ቁመቱ ሦስት ጣት። ባሌስትራውን አቅፈው የሚያስሩት እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉት ረጃጅም ብሎኖች አዲስ ይሆናሉ፤ አሮጌዎቹ አንዴ ስለተወጠሩ አይመለሱም። የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር ይታያል። መብራቱም የሰው ዓይን እንዳይወጋ ዝቅ ይላል።

«ሦስት ጣት ብቻ? የማን ጣት?» አለ መለሎ።

እናቴ ያንን ወፍራም እጇን ዘረጋችለት። «የእኔ። ደግሞ ከፍ ስትል መኪናህ የድሮዋ አይደለችም፤ መታጠፊያ ላይ ትጋደላለች። ጉራህን ጤና ጣቢያው በር ላይ አስቀምጠህ በዝግታ ነው የምትነዳው።»

በጣም አዘንኩለት። ሰው ከፍ ልበል ሲል የምትጎትት እናት አለችኝ ብዬ አሰብኩ። ብርታቷን እንጂ ልቧን አላደንቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተገጥሞ አለቀ። ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ረጅም ቁልፍ በአራቱ ብሎኖች ሁለት ሁለት ጫፍ ላይ ያሉትን ስምንት ዳዶዎች አንድ በአንድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ እያሰለሰች አጠበቀች። ከዚያ ብሩሹን ተዋሰችና ስምንት ነጭ መስመሮች አሰመረች።

«አርብ ትመለሳለህ» አለችው። «አዲስ የገጠሙት ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል። እስከዚያ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ባዶዋን። ሳላጠብቅልህ ነርሶቹን ይዘህ ወንዙን አትሻገርም። ተግባባን?»

«ተግባብተናል እትዬ» አለና ጥሩንባውን ነፍቶ ወጣ። ሦስት ጣት ብትሆንም አምሮባታል። አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ትመስል ነበር።

አርብ እኩለ ቀን ላይ መጣ። እናቴ ብረት ልታስቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄዳለች፤ አባቴ ሰሌዳ ሊሰቅል ወጥቷል። መለሎ መኪናውን ጥላው ሥር አቆመና፣ «ሚጣ፣ እናትሽ ስትመጣ ጥሪኝ፤ ሻይ ልጠጣ» ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

ፒክ አፑ ከፍ ስላለ አሁን በሆዴ መሳብ አላስፈለገኝም፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከሥሩ ቀይ የወንዝ ጭቃ ደርቆ ተለጥፏል። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጭቃ የትም እንደሌለ የገባኝ ዛሬ ነው። ያኔ ዓይኔ የሄደው ወደ መስመሮቹ ነበር። በግራ በኩል ሦስቱ ተሰብረዋል። በብሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ነጭና በዳዶው ላይ ያለው ነጭ አይገናኙም፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። የእናቴ ፊርማ ተበላሽቷል!

የተሰማኝ ቁጣ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ድንጋዩን ረገምኩት። ከዚያ ሮጬ የአባቴን ትንሿን ብሩሽ፣ ቲነር የነካ ጨርቅና የነጩን ቀለም ቆርቆሮ አመጣሁ። የተሰበሩትን ሦስቱን ጠርጌ አጠፋሁ። ሦስቱ ብቻ አዲስ ከሆኑ ሌሎቹ አሮጌ ይመስላሉ ብዬ ስምንቱንም አጠፋሁ። ትንፋሼን ይዤ፣ ከብሎኑ ጫፍ፣ በዳዶው ላይ፣ እስከ ሥሩ ብረት። ትንፋሼን ለቀቅሁ። ስምንት ጊዜ። አባቴ ቢያይ ይስመኝ ነበር።

ያ መስመር ፊርማ አልነበረም። ዳዶው ሲጠብቅ ቀጥ ተደርጎ የሚሰመር ምልክት ነው። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ የመላላቱ ምስክር እሱ ብቻ ነው። ከእንግዲህ የሚናገር እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በፍቅር፣ ያውም አሳምሬ።

እናቴ ስትመጣ መለሎ ቀድሟት ቆሞ ነበር። «እትዬ፣ ቶሎ በይ፤ ዛሬ የክትባት ቀን ነው፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሁለት ጊዜ ደውላለች!» እናቴ ረጅሙን ቁልፍ አንስታ፣ ባትሪዋን አብርታ ጎንበስ አለች። ጣቷን እያስነካች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በከንፈሯ ስትቆጥር አየኋት። ስምንቱም ቀጥ።

«አንዱም አልዞረም?» አለች፤ ገረማት።

«አላልኩሽም? እጅሽ ነዋ!» አለ መለሎ፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነስቷል። ጥሩንባውን ነፋው።

እናቴ ቁልፉን እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ከዚያ፣ «ሂድ እንግዲህ፤ ከመንደር ስትመለስ ግን ቤትህ ሳትገባ እዚህ ነው» አለችው። ወጣ። አቧራው ገና ሳይረጋ እጇን በጨርቅ ልትጠርግ ስትል ጣቷን አየች። ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ነጭ ቀለም ነበር። ሰኞ የተቀባ ቀለም አርብ ደርቆ ነው፤ ጣት ላይ አይቀርም።

ዞር ብላ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ጉልበቴ ላይ ነጭ ነበር፤ ጸጉሬም ላይ። ፈገግ አልኩላት፤ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ።

«መስመሩ ተሰብሮ ነበር?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«በግራ በኩል ሦስቱ። አስተካከልኩልሽ፣ ሁሉንም!»

እናቴ ስትሮጥ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አባቴ በዚያች ቅጽበት ብስክሌቱን እየገፋ በበሩ ይገባ ነበር፤ ከእጁ ነጠቀችው። በግራሶ ቱታዋ፣ ረጅሙን ቁልፍ መሪው ላይ አጋድማ፣ በገበያው መሃል ስትበር ሰው እየቆመ አየ፣ ሳቀም። እኔ ከኋላዋ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የደረስኩበት ድምዳሜ የሚከተለው ነው፤ እናቴ አንድ ነገር ረስታለች፣ ስለ መስመሩ ስነግራት ትዝ አላት፣ ያስታወስኳት እኔ ነኝ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ስደርስ ነርሶቹ ተሳፍረዋል፣ ሣጥኑ ታስሯል፣ ሞተሩ ይሠራል። እናቴ ብስክሌቱን መሬት ላይ ጥላ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ መኪናው ፊት ቆማለች። ኃላፊዋ ወጣች፤ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ዙሪያውን ከበቡ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለች ኃላፊዋ።

የእናቴ ላብ በግንባሯ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ማጥበቅ ነበረብኝ፤ ሳላጠብቅ ለቀቅሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ነርሶቹ ወረዱ። ክሪኩ ወጣ። እናቴ እዚያው በሕዝብ ፊት ካርቶን አንጥፋ ከመኪናው ሥር ገባች። አጎንብሼ አየኋት። የግራውን ብሎክ በጣቷ ዳሰሰችና ዓይኗን ለረጅም ጊዜ ጨፈነች። ደክሟት መስሎኝ ነበር። ብሎኩ ከቦታው ግማሽ ጣት ያህል ተንሸራቶ ነበር። ጨርሶ ከወጣ የኋላ ጎማዎቹ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ ሾፌሩ ወደ ግራ ቢያዞር መኪናው የሚሄደው ወደ ፈለገበት ነው። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ደግሞ በአንድ በኩል ገደል ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የሰማሁት የቁልፉን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ብሎኩን ወደ ቦታው መልሳ ስታጠብቅ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ብዙ ቆይቶ ነው ቀጭ ያለው።

ከሥሩ ስትወጣ መለሎ ወገቡን ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ ለሚቀጥለው መነጽር ግዢ!» አለ። ሰው ሳቀ። ያንን የወንዝ ጭቃ በአፍንጫዋ ሥር አድርጋ ስትሠራ ቆይታለች፤ አንድ ቃል ብትናገር አፉን ታስይዘው ነበር። ጭቃውን ካነሳች ግን እሱም መስመሮቹን ያነሳል፤ ማን ሳላቸው ይባላል። ብስክሌቱን አንስታ ገፋች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የተከተልኳት፤ ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል የጤና ጣቢያው መኪኖች ደጃችን አልደረሱም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ብሩሹን ከእጄ ወሰደች። «ከእንግዲህ የእኔን መስመር የማሰምረው እኔ ብቻ ነኝ። እሺ?»

«የእኔ ስለሚበልጥ ነው?» አልኳት።

አየችኝ። «አዎ» አለች፤ «ስለሚበልጥ ነው።»

ነጩን ቀለም ትታ በቢጫ ማስመር ጀመረች፤ ቆርቆሮውን እጄ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ብታየውም እያንዳንዱን ዳዶ ቁልፍ ሳታስነካ መኪና አትለቅም። እኔም በልጅ ልቤ፣ ቀናችብኝ አልኩ።

የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህን ታሪክ ለአሥራ አምስት ዓመት ሳወራው ኖርኩ። ለአክስቶቼ፣ ለጓደኞቼ፣ በሠርጌ ዋዜማ ሳይቀር። «እማዬ ዳዶ ማጥበቅ ረስታ፣ እኔ ባላስታውሳት ኖሮ!» እያልኩ፣ ብስክሌት ላይ ስትንደረደር እያስመሰልኩ። ሁሉም ይንከተከታል። አጎቴ፣ «ባሌስትራ ሠሪዋ እህቴ የራሷን ብሎን ያላላች!» ይላታል። ከሁሉም በላይ የምትስቀው እናቴ ነበረች፤ እንባዋ እስኪመጣ። አባቴ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ውኃ ልጠጣ ብሎ ይወጣል። ውኃ የሚጠማው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ሃያ አራት ዓመቴ ላይ የአውቶቡስ ጋራዥ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አሠልጣኛችን አንድ የአውቶቡስ ጎማ አጠገብ ሰበሰበንና በዳዶዎቹ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ። «ይህ ለጌጥ አይደለም። ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። አንድም ሰው እንዳይነካው!» አለ። አጠገቤ የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ ፀሐይ መታት ብሎ ውኃ አስመጣልኝ።

ፈቃድ ጠይቄ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ያኔ ሥራ አቁማለች፤ ጣቶቿ አብጠው ቁልፍ አይጨብጡም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማዬ» አልኳት ቆሜ፤ «መስመሩ ፊርማ አልነበረም።»

ቀና አላለችም። «አልነበረም። ማን ነገረሽ?»

«ሥራ ቦታ።»

«ዘገዩ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ስቄብሻለሁ! ሰው ሰብስቤ ነው የሳቅሁብሽ!»

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ሁለት ነርስና አንድ ሾፌር በዚያች ትከሻሽ ላይ ልጫን? በኋላ ደግሞ ታሪኩን ስትነግሪው ደስ ይልሽ ነበር፤ ደስ ሲልሽ አየሁና ተውኩት።» አንድ ፍሬ ልጣ ወደ ሳህኑ ጣለች። «ደግሞም አልዋሸሁም። መስመር አይቼ፣ በቁልፍ ሳልነካ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ያ የእኔ ጥፋት ነው።»

ያ ግቢ፣ ያ ካርቶን፣ የተጨፈኑት ዓይኖቿ፣ ወደ እኔ ያየችበት ያች አንዲት ጊዜ ሁሉ ተመለሱብኝ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ሰው እግሩ ሥር ነጭ ሽንኩርት በትኖ ፊቴ ተቀምጧል።

«ግን እኮ» አለች በድንገት፤ ፊቷ ፈካ፤ «ስምንቱም እንዴት ያለ መስመር ነበር! ባትሪ አብርቼ አየሁት እኮ። አባትሽ ራሱ እንደዚያ ቀጥ አያደርግም።»

እንባዬ መጣ። ተንበርክኬ ያበጡትን ጣቶቿን ያዝኩ። «እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታውንማ» አለች ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፤ «ያኔ ጠይቄልሻለሁ።»